የእናቴን ጋቢ ለልጄ ልቁረጠው ወይ?

ጥያቄዬ ይህ ነበር።

እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ራሷ ፈትላ፣ ለሸማኔ ሰጥታ ያሠራችው ጋቢ እኔ ጋ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ድሬ ላይ ጋቢ የሚያስደርብ ሌሊት በዓመት ቢቆጠር ጥቂት ስለሆነ ከሳጥኑ ወጥቶ አያውቅም። ባለፈው ሰሞን ሳወጣው አንደኛው ጫፍ ተበላልቶ አገኘሁትና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ልጄ ሁለት ዓመት ተኩሏ ነው። ሙቀቱ ሲብስ አንገቷንና ጀርባዋን ሽፍታ ይወርሰዋል፤ አሸዋ ገበያ ዞሬ የማገኘው የልጅ ቀሚስ ደግሞ አብዛኛው ፖሊስተር ነው። ከአማቴ የወረስኩት የእግር ሲንጀር አለኝ፤ ቀጥ ያለ ስፌት እችላለሁ። ከጋቢው ለልጄ ቀሚስ፣ ከቁርጥራጩ አሻንጉሊት ልሠራላት አሰብኩ። መቀሱን ሦስት ቀን አነሳሁ፣ ሦስት ቀን መልሼ አስቀመጥኩ። ልቁረጠው ወይስ እንዳለ ይቀመጥ?

ይህን ማክሰኞ ማታ ልጄን አስተኝቼ እዚህ መድረክ ላይ ለጠፍኩት። በሳምንቱ ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተከታተለው ጽሑፍ፣ ሠላሳ አራት መልስ ደረሰ። አዲስ የሚገባው ሁሉ አስቀድሞ የተመለሰውን እንደገና ስለሚጠይቅ፣ የተባለውን በተራው ልተርከው። የማስቀምጠው የሰዎቹን ሐሳብ እንጂ ቃላቸውን አይደለም፤ ያዛባሁት ካለ ባለቤቱ ያርመኝ።

1ኛዋ መላሽ ሳቢያን ከተባለው የድሬ ሰፈር የሆነች እናት ናት፤ ሳታመነታ እንድቆርጠው መከረችኝ። የእሷ እናት ነጠላ ዘጠኝ ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ ታጥፎ ኖሮ፣ ያወጣችው ቀን እጥፋት እጥፋቱ ላይ ቢጫ ሆኖ ስትነካው ብቻ እንደተቀደደ ጻፈች። ማንም ሳይለብሰው ማለቁ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። 2ኛዋ ተቃራኒዋ ነች። በትሕትና ነው የጻፈችው፤ ነገር ግን ጥያቄዋ ሆዴ ውስጥ ቀረ፦ ታምሜ ወይም ከፍቶኝ ያንን ጋቢ ለብሼ ተኝቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም። 3ኛው የተበላውን ጫፍ ብቻ ቆርጬ ለአሻንጉሊቱ እንዳደርገውና ቀሪውን እንድተወው አሳሰበ።

4ኛዋ የበላው ብል ነውና ናፍታሊን ጣል አድርጌበት ሳጥኑን ልዝጋ አለች። ክሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞቀው እዚህ ላይ ነው። 5ኛዋ በሙያዋ ነርስ ናት፤ አጻጻፏ ቆጣ ያለ ነበር፣ ግን የጻፈችውን ሕፃን ያለበት ቤት ሁሉ ቢያውቀው እወዳለሁ። ናፍታሊን የነካው ልብስ ሳይታጠብና በደንብ ሳይናፈስ ሕፃን ሊለብሰውም ሊጠቀለልበትም አይገባም። ትነቱ ጂሲክስፒዲ የተባለው ኢንዛይም ከውልደት በሚያንሳቸው ልጆች ላይ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል፤ ልጁ ይገረጣል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ነጩን እንክብል ከረሜላ መስሎት የሚውጥ ልጅም አለ። 4ኛዋ ተከፋች መሰለኝ፣ ተመልሳ አልጻፈችም። ክፋት አስባ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የእናቶቻችን ሳጥን ሁሉ ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸት ነበር።

6ኛው ስለ ብሉ ራሱ እርማት ሰጠ። የልብስ ብል የሚፈልገው ሱፍና ፀጉር ነው፤ ጥጥን የሚነካው ላብ፣ የምግብ ፍርፋሪ ወይም ስታርች ሲኖርበት ነው። ጋቢው ሳይታጠብ ገብቶ እንደሆነም ጠየቀኝ። አዎ፣ ሳይታጠብ ነው የገባው። የእናቴ ጠረን እንዳይጠፋ ብዬ ነው ሳላጥበው የከተትኩት። ለማዳን ብዬ ያደረግሁት ነገር እንዳስበላው ሳውቅ ያን ምሽት ሌላ መልስ ማንበብ አልቻልኩም። ምክሩ ግን ጥሩ ነው፦ በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ፣ ፀሐይ ላይ እያገላበጡ ማስጣት፤ ማጠብ ካልተፈለገ ደግሞ በላስቲክ አሽጎ ሁለት ሳምንት ያህል ፍሪዘር ውስጥ ማቆየት። ከማጠቤ በፊት የጥለቱን አንድ ጥግ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽቼ ቀለም እንደሚለቅ እንዳይም አሳሰበኝ።

7ኛው የሸማኔ ልጅ ነው። እናቴ ፈተለችው ስል ድሩንም (በቁመት የሚወጠረውን ክር) ማጉንም (አግድም የሚገባውን) ማለቴ እንደሆነ ጠይቆ፣ መልሱን ራሱ ሰጠ። በእኛ ዘመን የተሠራ ጋቢ ብዙውን ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ በእንዝርት የተፈተለው ማጉ ነው። የፋብሪካው ክር ጠበቅ ተደርጎ ስለሚከር በሸማኔው ዕቃ ላይ መወጠሩን ይችላል። የእጅ ፈትል ለስላሳና ወፈር ቀጠን የሚል ስለሆነ ጋቢውን የሚያሞቀው እሱ ነው። የእናቴን እጅ ማየት ከፈለግሁ አግድም የሚሄደውን ክር እንድከተል ነገረኝ። ሌሊት ጋቢውን መብራት ላይ ዘርግቼ ተከተልኩት። ክሩ ወፍሮ እንደገና የሚቀጥንበት ቦታ ሁሉ እናቴ እንዝርቷን ቆም ያደረገችበት መሰለኝ፤ ምናልባት አንዳችን ስንጠራት።

ፋብሪካ ሲነሳ ወሬው ከእጄ ወጣ። 8ኛዋ እናቷ በድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ስትሠራ፣ ሌሊት ወጥታ ጠዋት ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ ይዛ ትገባ እንደነበር ተረከች። 9ኛው ከዚያ ተነስቶ የስፌት መኪና ወደ ምሥራቅ የገባው በባቡር ስለሆነ የልብስ ስፌት አባት ድሬ ናት ሲል ደመደመ። ሐረሬው 10ኛ መላሽ ይህን ሊያልፈው አልቻለም። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ የደረሰው ሐረር ሳትፈለግ ቀርታ ሳይሆን ዳገቱ ሐዲድ ለመዘርጋት አስቸጋሪና ውድ ስለነበር ነው፤ ድሬም ከተማ የሆነችው በዚያው ምክንያት ነው። ሐረር ግን ከዚያ በፊት ለዘመናት ከዘይላ ወደብ የሚመጣ ነጋዴ ግመሉን የሚያራግፍባት የንግድ ከተማ ነበረች። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት መመዝገቡንም ጨመረበት፣ ከጋቢዬ ጋር ባይገናኝም። 11ኛው መልስ የእኔ ነው፤ ሁሉንም አመስግኜ ወደ ጥያቄዬ እንዲመለሱ ለመንኩ።

12ኛውን የጻፉት ሐረር፣ መኪና ግርግር ላይ አርባ ዓመት የሰፉ አባት ናቸው። ለማያውቀው፣ መኪና ግርግር ከፈረስ መጋላ ወደ ጀጎል ውስጥ የሚወርደው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ግራና ቀኝ የተደረደሩት የስፌት መኪኖች ድምፅ ነው። እሳቸው ሌላው ሁሉ የዘለለውን ነገር አዩ። ልቁረጥ ወይስ ላስቀምጥ ብዬ ስጠይቅ ጋቢውን እንደ አንድ ጨርቅ ነው የቆጠርኩት። ጋቢ ግን አራት ድርብ ነው፣ ነጠላ ደግሞ ሁለት። ድርቦቹን የሚይዛቸው ዳርና ዳሩ ላይ የተሰፋው የእጅ ስፌት ብቻ ነው። እሱ ከተተረተረ ጋቢው ሳይቆረጥ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ እንደ ኩታ የሚለበስ ቀለል ያለ ልብስ ሆኖ ይቀራል፣ ግማሹ ለልጅቷ ይሆናል። አተራተሩንም አስረዱ፦ ክሩን መጎተት አይገባም፤ በየሦስት አራት ስፌቱ አንዱን በትንሽ መቀስ ቆርጦ ከጀርባ በኩል መምዘዝ፣ ያውም በቀን ብርሃን። ለድሬ ልጅ ደግሞ አንድ ድርብ ይበቃል፤ ከዚያ ያለፈ ሽፍታውን ያብሳል።

መልሱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ቢሆንም ምን ያህል እንደሚጠቅመኝ ያን ዕለት አልገባኝም ነበር።

13ኛው ወጣት በድሬ ልጅ ወግ አቦ እያለ፣ አንተ እያለ ስለ መርፌ ቁጥር ጠየቃቸው። 14ኛዋ የአዲስ አበባ ሰው ሳትሆን አትቀርም፤ አባቱ የሚሆኑ ሰው አንተ መባላቸው አሳዝኗት ልጁን በጣም ገሠጸችው። 15ኛው መልስ የባለሙያው ራሳቸው ነው። እኛ አገር አንተ መባባል ቅርበት እንጂ ንቀት እንዳልሆነ፣ እንዲያውም አንቱ ሲባሉ እንግዳ የሆኑ እንደሚመስላቸው በእርጋታ ጻፉ። ስለዚህ ከዚህ በኋላ እኔም አንተ እለዋለሁ። ለወጣቱም መለሰለት፦ ሳሳ ላለ የጥጥ ልብስ 11 ቁጥር፣ ለእጅ ፈትል 14 ቁጥር መርፌ፤ ክሩ ምንጊዜም ረጅም ቦይ ባለበት ጎን መግባት አለበት፣ በተቃራኒው ከገባ ስፌቱ ይዘላል።

16ኛዋ ርኅራኄ የሌለው ነገር ጻፈች። ሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ባለበት ቤት የስፌት መኪና የምትከፍት እናት ከልጇ ይልቅ ሥራዋን እንደምትወድ ነው የፈረደችው። አልመለስኩላትም። 17ኛውና 18ኛዋ ግን መለሱላት፣ በስድብ ሳይሆን በዘዴ። 17ኛው ከእግር መኪና የተነሳች እናት ቀበቶውን ከትልቁ መዘውር ላይ አውልቃ እንድትሄድ መከረ፤ ልጁ ፔዳሉን ቢረግጥ እንኳ መርፌው አይወርድም። ይህን በዚያው ቀን ጀመርኩት። ሚስቱ ደግሞ ስፒሎቿን አሥር አድርጋ ቆጥራ ሳሙና ላይ ትሰካቸዋለች፤ ሳሙናው ጫፋቸውን ስለሚያለሰልሰው ጨርቅ ውስጥ በቀላሉ ይገባሉ፣ ማታ ስትቆጥር አሥር ካልሆኑ አትተኛም ሲል ልማዷን ነገረን። 18ኛዋ ስለ አሻንጉሊቱና ስለ ልብሱ ጻፈች፦ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አሻንጉሊት ላይ የቁልፍ ዓይን አይሰፋም፣ ዓይኑ በክር ይጠለፋል። በሶፍት ጥቅል ካርቶን ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ በልጅ ጉሮሮም ሊቀር ይችላል። አንገት ላይ የሚታሰር ክርም ቢያምር እንኳ እንዳላደርግ አስጠነቀቀችኝ፤ የአውሮፓ የልጆች ልብስ ደረጃ ከ7 ዓመት በታች ላለ ልጅ ኮፍያና አንገት ላይ ማሰሪያን ይከለክላል፣ መወጣጫ ላይ ተይዞ ያነቀው ልጅ ስላለ።

19ኛውን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ። ስሟን ባትጽፍም አወቅኋት። የእናታችንን ሳጥን ቀለም፣ ጋቢው ከሸማኔ የመጣበትን በዓል ከእኛ ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። ታናሽ እህቴ ናት፤ ሐረር ነው የምትኖረው። ሁልጊዜ እታለም ብላ የምትጠራኝ ልጅ ያለ ምንም መጠሪያ ነው የጀመረችው። እናታችን የመጨረሻውን ብርድ ያሳለፈችው እሷ ቤት፣ በዚያ ጋቢ ተጠቅልላ መሆኑን አስታወሰችኝ። በኅዳርና በታኅሣሥ የሐረር ሌሊት ምን እንደሚመስል ድሬ ያለ ሰው ይረሳዋል። አርባዋ እንደወጣ ሳጥኑን ጭኜ ስወርድ አንድም ቃል ሳልጠይቃት እንደሄድኩ፣ እሷም ታላቋ ስለሆንኩ ዝም እንዳለች ጻፈች። አሁን ደግሞ ልቁረጠው አልቁረጠው ብዬ እሷን ሳይሆን የማላውቃቸውን ሰዎች መጠየቄን ባልደረባዋ አሳይታት እንዳየች ነው የጨረሰችው።

20ኛው የቤት ገበና አደባባይ አወጣሽ ሲል እሷ ላይ ዞረ። 21ኛዋ እኔ ላይ ዞረች፤ ያስታመመ ሰው ቀድሞ ይጠየቃል የሚል ነበር ፍርዷ፣ ልክ ነበረች። 22ኛው የእኔ ነው፣ ባላጠፋውም አፍርበታለሁ። ጋቢውን ይፈልገው የነበረ ሰው በጊዜው መናገር ነበረበት የሚል ነገር ጻፍኩ። ታላቅ መሆን ቀድሞ መናገር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

23ኛዋን ማን እንደሆነች አላውቅም፤ ከዚያ በፊት በየትኛውም ክር ላይ ጽፋ አላየሁም። በሁለት መስመር 12ኛውን ከ19ኛው ጋር አገናኘች፦ ጋቢው አራት ድርብ ከሆነ፣ ሴት ልጆቹም ሁለት ከሆኑ፣ ማንም በማንም ላይ ሳይቆርጥ ይበቃል። ከዚህ በላይ አልጻፈችም። 24ኛው የእህቴ ነው፤ ቅዳሜ ቤት እንደምትውል ብቻ ተናገረች። ስልኩን አስቀምጬ ጋቢውን ዘፈዘፍኩት።

ከ25 እስከ 28 ያለው ሥራ ነክ ነው፤ ለምትሰፋ ሰው ግን ዋናው ይህ ነው። የእጅ ፈትል ላላ ስለሚል ከተቆረጠ ወዲያው ይተረተራል። የጨርቅ ጠርዝ የሚይዝ ኦቨርሎክ ወይም ዚግዛግ ስፌት የሌለን ሰዎች ከመቁረጣችን በፊት በምልክቱ ግራና ቀኝ አንዳንድ መስመር ሰፍተን በመሃሉ መቁረጥ አለብን። ስፌቱ ወደ ሦስት ሚሊ ሜትር ረዘም ይበል፤ ደቃቅ ስፌት ላላ ያለውን ጨርቅ ይበሳሳዋል። ጨርቁ በመኪናው ጥርስ እንዳይዋጥ ከሥሩ ያልታተመበት ስስ ወረቀት ማንጠፍ፣ ሲያልቅ ቀድዶ ማውጣት። ጋዜጣ አይሆንም፣ ቀለሙ ነጩን ያበላሸዋል። መጋጠሚያውን መጀመሪያ በፊቱ ሰፍቶ፣ ገልብጦ እንደገና በውስጥ መስፋት፤ ያኔ የልጅ ቆዳ የሚቧጭር ጠርዝ አይኖርም። 27ኛው መኪናዬ ከብዶኝ እንደሆነ የምግብ ዘይት እንዳልቀባው ጻፈ፤ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይደርቃል፣ የሚሆነው የስፌት መኪና ዘይት ብቻ ነው። ቀደም ሲል የምግብ ዘይት ቀብቼው ስለነበር በነጭ ጋዝ አጥቤ እንደገና ቀባሁት፤ አሁን ፔዳሉ በአንድ እግር ይሄዳል።

29ኛው ቅዳሜ ማታ እኔ የጻፍኩት ነው። ጠዋት ልጄን ታቅፌ ሚኒባስ ያዝኩ። ደንገጎን ስንወጣ ቀዘቀዘን፤ ጋቢውን ከፌስታሉ አውጥቼ ሁለታችን ደረብነው። እስከ ሐረማያ ድረስ ልጄ ጥለቱን እየነካካች መጣች። እናቴ ካረፈች ወዲህ ጋቢውን ስለብሰው የመጀመሪያዬ ነበር፤ የ2ኛዋን ጥያቄ እዚያ መንገድ ላይ መለስኩላት።

እህቴ በሩ ላይ ልጄን ተቀበለችኝ፣ እኔን ቆይታ ነው የሳመችኝ። ይቅርታ ስላት ሰማችኝ፤ መልስ አልሰጠችም፣ ሆጃ ቀዳችልኝ። ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ ጉልበታችን ላይ ዘርግተን፣ እሷ ከአንዱ ጫፍ እኔ ከሌላው መተርተር ጀመርን። ስፌቱ የእናታችን ነው። ክሩን ደርባ፣ በየስንዝሩ ቋጥራ ነበር የሰፋችው፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲይዝ። እኔ አንዱን ቋጠሮ በመቀስ ልቆርጥ ስል እህቴ ከለከለችኝና በጥፍሯ ፈታችው። ከዚያ በኋላ ሁሉንም በጥፍራችን ፈታን፣ እስከ አሥር ሰዓት ወሰደብን። ከድርቦቹ መሃል አንድ የጥጥ ፍሬ ስባሪ ክሩ ውስጥ ተጠማዝዞ አገኘን። ስትባዝት ያመለጣት ነው። እህቴ እዚያው ተወችው፣ በእሷ ድርሻ በኩል ነበር።

የተበላው ጫፍ ወደ እኔ እንዲመጣ ተስማማን፤ ልጅ ትንሽ ስለሆነች እሱን አስወግዶም ለቀሚስ ይተርፋል። የእህቴ ሁለት ድርብ ሙሉ ነው፣ ጥለቱም አልተነካም።

30ኛዋ መልስ 1ኛዋ የሳቢያን እናት ናት፤ ደስታዋን ገልጻ ባዶ ቁም ሳጥኗን አስታወሰች። 31ኛው ባለሙያው ነው፤ ልጅቷን ይዤ መኪና ግርግር ብመጣ የእህቴን ድርሻ ዳሩን በነፃ እንደሚዘመዝምላት ጻፈ። እህቴ በ32ኛው አመሰገነችው፤ በእጇ እንደምትሰፋው፣ እንደ እናታችንም እየቋጠረች እንደሆነ ነገረችው። 33ኛው እንደገና ስለ ባቡሩ ነው፣ ልለፈው።

34ኛዋ የቀሚሱን ፎቶ ጠየቀች። እጅጌው ተገጥሟል፣ ጎኑም ተሰፍቷል። የቀረው አንገቱ ነው። የልጄ ራስ ዙሪያ 49 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የአንገቱ ክፍት ዙሪያው ከዚያ ካልበለጠ በራሷ አይገባም። ከኋላ ልሰንጥቀው ወይስ ትከሻው ላይ ላስፋው እያልኩ ነው። የሰፋችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ዛሬ ማታ ስትተኛ እቆርጠዋለሁ።